የተሸለተ በግ ነው ብዬ የማልኩለት አሳማ

ዛሬ ጠዋት ቴሌቪዥን ገንፎ አጎረስኩ።

ተሳስታችሁ አላነበባችሁም። ቴሌቪዥን እያየሁ ገንፎ በላሁ አላልኩም፤ ለልጅ ቴሌቪዥን ከፍቼ ገንፎ አጎረስኩም አላልኩም። እሱን ሁሉም ሰው ያደርገዋል። እኔ ያጎረስኩት ራሱን ቴሌቪዥኑን ነው። ያውም የልጄ ሚስት ቅዳሜ ቅዳሜ በለስላሳ ጨርቅ የምትወለውለውን፣ እኔ ደግሞ በጣቴ እንዳልነካው ስንት ጊዜ የተመከርኩበትን፣ ግድግዳ ላይ እንደ ትልቅ መስኮት የተሰቀለውን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጅ ልጄ ናቲ ገና ትምህርት ቤት ያልገባ ሕፃን ነው፤ ገንፎ አልበላም ካለ ግን አፉ በመፈንቅልም አይከፈት። እናቱ ማንኪያ ይዛ ትለምነዋለች። ቴሌቪዥኑ ላይ ልጆች የሚያብዱለት የእንስሳት ካርቱን ተከፍቷል፤ አንድ ወፍራም ሮዝ አሳማ ከነቤተሰቡ ገበታ ቀርቦ ማንኪያ ያነሣል። እኔ ሶፋው ላይ ጋቢዬን ተከናንቤ እያንጎላጀሁ ነበር። ዓይኔን ስገልጥ አሳማው አፉን ከፍቶ አየሁት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ያደረግሁት እኔ አይደለሁም፤ እጄ ነው። ብድግ አልኩ፤ ማንኪያውን ከምራቴ እጅ ነጠቅሁ፤ ሳንባዬ የቻለውን ያህል «ባአአአ!» አልኩና ገንፎውን ከነቅቤው አሳማው አፍ ላይ ለጠፍኩት።

«አባባ! ምን እያደረጉ ነው?» አለች ምራቴ።

«ተራው የእሱ ነው» አልኳት።

«የማን?»

«የበጉ።»

ናቲ እኔንና አሳማውን ተራ በተራ አየና፣ «አባባ ደግሞ! ይሄ እኮ አሳማ ነው» አለኝ።

«የተሸለተ በግ ነው!» አልኩት በቁጣ። ወላሂ ብዬም ማልኩለት።

ልጁ በሳቅ ፈረሰ። አፉ ሲከፈት እናቱ ሌላ ማንኪያ ሞላ አድርጋ ሰደደችበት። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ ያን አፍ ያስከፈተው ማን ነው? ምስጋና ግን አላገኘሁም። ያገኘሁት፣ ጓዳ ገብታ ለልጄ ስትደውል በግድግዳው የሰማሁትን ነው፤ «አባባን ለሐኪም ሳናሳያቸው አንቀርም። ዛሬማ ጮኹ። ኧረ እንደ በግ ነው የጮኹት!»

ሐኪም ዘንድ ከመወሰዴ በፊት መከላከያዬን ላቅርብ። አእምሮዬ አልተነካም። ተነክቶ ከሆነም ዛሬ አይደለም፤ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ነው። የነካውም ቴሌቪዥን ነው።

ያን ጊዜ መካነ ሰላም ውስጥ የቀበሌያችን ለፋፊ ነበርኩ። ሥራዬ የድምፅ ማጉያ ይዞ መንደር ለመንደር መዞርና «ነገ ስብሰባ አለ፣ የቀረ ይጠየቃል!» ማለት ነበር። ሚስቴ ነፍሷን ይማርና፣ «ያንተ ድምፅ አምባ መቅደላ ላይ የተኛ ሰው ይቀሰቅሳል» ትለኝ ነበር፤ ምስጋና ይሁን ስሞታ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ከዚህ ሌላ አንድ የማይጠቅም ተሰጥዖ ነበረኝ፤ የእንስሳ ድምፅ ማስመሰል። በግ፣ ፍየል፣ አህያ፣ ዶሮ፤ የመረጣችሁትን። አንዴ የጎረቤቴን አህያ ስጠራት ገመዷን በጥሳ መጥታ፣ እኔን ስታይ በኀዘን የተመለሰችውን እሷን ራሷን ጠይቁ።

ይህን ተሰጥዖ ለራሴ ይዤው ብቀመጥ ምን ነበረበት? ዝም ማለት ግን አልፈጠረብኝም። ጠላ ቤቶች ጠላ ባይኖራቸውም ሰው አልቀረባቸውም ነበር፤ ተሰብስበን የምንጠጣው ስለ ጠላ የሚወራውን ወሬ ነው። አንድ ቀን እንዲህ ባለ ደረቅ ጠላ ቤት ቁጭ ብለን፣ የቀበሌያችንን ካድሬ የጓድ ባንተይርጋን ንግግር በፍየል ድምፅ አቀረብኩላቸው። ሰው ሆዱን ይዞ ሲስቅ ሲስቅ በአንድ ጊዜ ዝም አለ። ዞር ስል ጓድ ባንተይርጋ በሩ ላይ ቆሟል።

«ጨርስ እንጂ፣ ጓድ» አለኝ።

«ጨርሻለሁ፣ ጓድ።»

«ፍየሏስ?»

«እሷም ጨርሳለች።»

በማግስቱ ቀበሌ ተጠራሁ። ሚስቴን ተሰናብቼ፣ እስር ቤት ይበርዳል ብዬ ሁለት ሸሚዝ ደርቤ ሄድኩ። ጓድ ባንተይርጋ ግን ወደ እስር ቤቱ አልመራኝም፤ ወደ ሕፃናት ማቆያው ይዞኝ ሄደ። ከአንድ ባላባት የተወረሰ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው፤ በአንደኛው ክፍል የገንፎ ጎላ ተጥዷል፤ በሌላው አንድ ትልቅ ካርቶን ተቀምጧል። ካርቶኑ አጠገብ እትዬ ዘይነብ ወገቧን ይዛ ቆማለች። እትዬ ዘይነብ የማቆያው ኃላፊ፣ አስተማሪ፣ ምግብ አብሳይና ዘበኛ ነበረች፤ አራቱም ሴቶች እርስ በርሳቸው አይግባቡም።

«ይኸውልሽ ፍየሉ» አላት ጓድ ባንተይርጋ። «ተጠቀሚበት።» እኔንም፣ «ወይ ይሄ ነው፣ ወይ እስር ቤት ነው» አለኝ።

ካርቶኑ ውስጥ ቴሌቪዥን ነበር። እሱና ካሴት ማጫወቻው፣ ትንሽ ጄኔሬተር ጭምር፣ ከአንድ ወዳጅ አገር ከሕፃናቱ የገንፎ ዱቄትና ከወተት ዱቄቱ ጋር በአንድ መኪና ነው የመጡት። ካሴቶቹ ላይ ያለው ለትንንሽ ልጆች የተሠራ የእንስሳት ካርቱን ነው፤ እንስሳት ልብስ ለብሰው፣ ቤት ሠርተው፣ ገበታ ቀርበው የሚውሉበት። የላኩት ሰዎች ሐሳብ፣ ልጆቹ እያዩ ይበላሉ፤ እየበሉም ይማራሉ ነው። ገንፎውና ቴሌቪዥኑ አይነጣጠሉም። ከወር በኋላ እንግዶች መጥተው ያያሉ፤ ማቆያው ውስጥ ልጅ ከሌለ ጎላው ተነሥቶ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። የትኛውም ከተማ ደስ እያለው ይቀበለዋል፤ የተራበ ልጅ ያነሰው የት ነበር?

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?» አልኩ።

«እንስሶቹ የሚናገሩት በዚያው በላኪዎቹ አገር ቋንቋ ነው» አለች እትዬ ዘይነብ። «አንተ አማርኛ ታናግርልኛለህ። ግን እሱ ትንሹ ችግር ነው፤ ትልቁን ተቀመጥና እይ።»

ጄኔሬተሩ ተነሣ። መስተዋቱ በራ። የታሪኩ ጀግና፣ የቤቱ አባወራ፣ ልጆች እንዲወዱት የተሠራው፣ ከዳር እስከ ዳር መስተዋቱን ሞልቶ ብቅ አለ። አሳማ!

እኛ የወሎ ቦረናዎች እስላምና ክርስቲያን ሆነን አንድ ግቢ እንኖራለን፤ እንጋባለን፤ በአንዱ በዓል ሌላው ያሸበርቃል። የምንለያየው ቢላዋ ሲነሣ ብቻ ነው፤ ሥጋው የማን ነው፣ ማን ባረከው ይባላል። በአሳማ ጊዜ ግን ቢላዋም አያስፈልገንም፤ ጥንቅቅ ብለን አንድ ነን። እኔ ከመምጣቴ በፊት፣ በመጀመሪያው ቀን አሳማው ብቅ ሲል፣ በር ላይ የቆሙት እናቶች ማተብ ያሰረችውም ሻሽ የተከናነበችውም፣ እኩል ዘለው ገብተው ልጆቻቸውን አንጠልጥለው ወጥተዋል። «አሳማ ያየው ገንፎ ለልጄ አይገባም!» ብላ አንዷ ጀመረች፤ ሌሎቹ ጨረሱ። አስቡት፤ ልጅ በራብ ዓይኑ ገብቶ! የቀሩት ልጅ ይዞ የሚወጣ ሰው የሌላቸው ብቻ ነበሩ።

እትዬ ዘይነብ ዱላ ቀረሽ አድርጋ ጓድ ባንተይርጋን ያዘችው። «በል ንገራቸው! ይሄ እንስሳ በናንተ ትምህርት ምን ይባላል?»

ጓድ ባንተይርጋ አሳማውን ገርምሞ አየው። «በመደብ ትንተና... ይሄ ወፍራም ነው። በዚህ ጊዜ የወፈረ በዝባዥ ነው።»

«ወዳጅ አገር በዝባዥ ላከልን ልትል ነው?»

ጓድ ባንተይርጋ አሳለው። «እንግዲያው ሠርቶ የወፈረ ነው። ላብ አደር ነው።»

«ምን ሲሠራ አየኸው? ጭቃ ላይ ሲንከባለል አይደል የዋለው?»

«በሽግግር ላይ ያለ ነው» አለና ላቡን ጠረገ።

በዚህ መሐል ከጥግ በኩል ደከም ያለ ድምፅ ሰማን። ያን ጠዋት ገና የገባች አንዲት ልጅ፣ ጦይባ፣ አያቷ እቅፍ ውስጥ ነበረች። አያቷ እማማ ፋጤ ከወግዲ ወዲያ ካለው ቆላ ልጅቷን አዝለው በእግራቸው የመጡ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ ቴሌቪዥን የሚባል ነገር አይተው አያውቁም። መስተዋቱን ትኩር ብለው አዩና እንዲህ አሉ፤ «እኔን ይብላኝ! ይሄን በግ በዚህ ብርድ ማን ነው የሸለተው?»

እትዬ ዘይነብ እኔን አየችኝ። እኔ ጓድ ባንተይርጋን አየሁት። ጓድ ባንተይርጋ አሳማውን አየው። የበግ ጠጉር ሸልተን ባና ብርድ ልብስ የምናሠራ ሰዎች ነን፤ ገና የተሸለተ በግ መልኩ ምን እንደሚመስል ማንም አይነግረን፤ ሮዝ፣ እርቃኑን፣ ኀፍረት የያዘው።

«ነው እንዴ?» አለ ጓድ ባንተይርጋ፣ እንደ ተስፈኛ።

«ነው እንጂ!» አልኩ እኔ፤ በሁለት ሸሚዝ ውስጥ ሆኜ።

በዚያው ዕለት የድምፅ ማጉያዬን ይዤ ወጣሁ። ጽሑፉ የጓድ ባንተይርጋ ነው፤ ሳንባው የኔ። «የመካነ ሰላም ነዋሪዎች ሆይ! በሕፃናቱ ቴሌቪዥን አሳማ ታየ ተብሎ የተናፈሰው የአድኃሪያን ወሬ ሐሰት መሆኑ ተረጋግጧል! እንስሳው የተሸለተ በግ ነው! ይህን የሚጠራጠር ቀበሌ ቀርቦ ጥርጣሬውን ያስመዝግብ!»

ጥርጣሬውን ሊያስመዘግብ የመጣ ሰው አልነበረም። እናቶች ግን ልጅ ከማስገባታቸው በፊት እኔን በር ላይ አቁመው መረመሩኝ። ያን ያህል ሕግ የሚያውቅ ዳኛ ገጥሞኝ አያውቅም።

«ጅራቱ ለምን ተጠቀለለ?»

«ብርዱ ነው።»

«አፍንጫውስ ለምን ተደፈጠጠ?»

«የውጭ አገር በግ ነው። እዚያ ውኃ የሚጠጡት ከቧንቧ ነው፤ ሲገፋው ሲገፋው እንዲህ ሆነ።»

«ላቱስ የታለ? ላት የሌለው በግ የት አገር ነው ያለው?»

እዚህ ላይ ብልጥ ነኝ አልኩና ጉድጓድ ገባሁ። «ላቱማ ቀልጦ የእርዳታ ዘይት ሆኖ መጣላችሁ እኮ!»

 ከዚያ አንዷ በቀስታ፣ «ማን ባርኮ አረደው?» አለች።

ወይ ጉድ! የክርስቲያን ነው ብል ግማሹ ሊወጣ ነው፤ የእስላም ነው ብል ሌላው ግማሽ። «ማንም አላረደውም!» ብዬ ጮኽኩ። «በሕይወት አለ፤ ያው ቆሞ እያያችሁት! ላቱ በራሱ ጊዜ ነው የወለቀው። ዘይቱም ከእህል ነው። የቅድሙን እርሱት!» ያመኑኝ አይመስለኝም። ዛሬ ሳስበው ከመጀመሪያውም ያመነ ሰው አልነበረም። ልጅ ወደ ገንፎ የሚገባበት በር ፈልገው ነበር፤ እኔ ያቀረብኩት በር ጠማማ ቢሆንም በር ነው። አጎንብሰው ገቡ።

ከዚያ ወዲያ የኔ ሥራ ተጀመረ። ከቴሌቪዥኑ ጎን አንሶላ ተወጠረልኝ፤ እዚያ ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ በአንሶላው ቀዳዳ እያየሁ፣ በድምፅ ማጉያዬ ለእንስሳቱ ሁሉ እናገራለሁ። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ጭጭ ብሏል፤ ምክንያቱም አሳማው ባሰኘው ጊዜ ያንኮራፋል፤ የተሸለተ በግ ደግሞ አያንኮራፋም። እሱ አፉን በከፈተ ቁጥር እኔ «ባአአአ!» እላለሁ። ውሻው ሲመጣ እጮኻለሁ፤ ዶሮዋ ስትመጣ እንቁላል መጣል ብቻ ነው የቀረኝ። በሁለተኛው ካሴት እውነተኛ በግ፣ ከነጠጉሩ፣ በሩን ከፍቶ ገባ! እናቶቹ ሁሉ ወደ አንሶላው ዞሩ። «ወንድሜ!» አልኩ በተሸለተው በግ ድምፅ፤ «አንተን ገና አልደረሱብህም?» ልጆቹ ፈነዱ። እኔ ከአንሶላው ጀርባ ላቤ ጀርባዬን ወረደ።

ጓድ ባንተይርጋም ዝም አላለም። ጥንቸሏ ቆማ ከተናገረች ስብሰባ መምራቷ ነው እንድል፤ እንስሶቹ አውቶቡስ ሲጠብቁ ከተሰለፉ ተራ ለማክበር መንቃታቸው ነው እንድል ያዝዘኛል። እላለሁ። ልጆቹ ግን «ስብሰባ» የምትለውን ቃል በሰሙ ቁጥር ማንኪያቸውን አስቀምጠው ማንጎላጀት ስለ ጀመሩ፣ እትዬ ዘይነብ ከለከለችው፤ «ጓድ፣ ወይ አብዮቱን ምረጥ፣ ወይ ገንፎውን!» ጓድ ባንተይርጋ አሰበበትና ገንፎውን መረጠ። ለዚህ እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ።

ሁሉም ልጅ በላ። ጦይባ ብቻ አልበላችም።

ማንኪያ ሲቀርብላት ፊቷን ታዞራለች፤ አታለቅስም፤ አትቆጣም፤ ዝም ብላ ታዞራለች። ክንዷ የእርሳስ ያህል ነው። ዓይኗ ብቻ ነው ልጅ የሚመስለው፤ እሱም ከበጉ ላይ አይነሣም። «ራቡ ሲቆይ እንዲህ ነው» አለችኝ እትዬ ዘይነብ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ እሷ ድምፅ ዝቅ ስታደርግ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ሆድን ይቆልፍና ቁልፉን ይዞ ይሄዳል። በዚሁ ከቀጠለች አትተርፍም።» እማማ ፋጤ ጥግ ላይ ሆነው ዱዓ ያደርጋሉ።

አንድ ቀን በጉ ገበታ ቀርቦ ሲበላ ጦይባ ከአያቷ እቅፍ ወረደች። ማንኪያዋን ገንፎ ሞልታ፣ በሁለት እጇ ይዛ፣ ስትንገዳገድ ሄዳ መስተዋቱ ላይ፣ በጉ አፍ ላይ ለጠፈችው። ገንፎው ተንሸራትቶ ወረደ። ጠበቀች። በጉ አልዋጠም። ጎንበስ ስትል በአንሶላው ሥር እግሬን አየች። አንሶላውን ገለጠችው።

አስቡኝ እንግዲህ፤ በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ የድምፅ ማጉያ አፌ ላይ ደግኜ፣ «ባአ» ብዬ ገና አፌን ሳልዘጋ። መላጣዬን አየችው። ያን ጊዜም መላጣ ነበርኩ፤ በዚህ ረገድ ለውጥ የለም።

«በጉ አንተ ነህ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«እውነት ሸለቱህ?»

መላጣዬን ዳሰስኩ። «ኧረ ምኑን ትጠይቂኛለሽ፣ እናቴ! ፈጁኝ።»

አዘነችልኝ። ተመልሳ ሄዳ ማንኪያዋን ሞልታ መጣች። «ብላ።»

ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የሕፃናቱ ገንፎ ለአዋቂ በጥብቅ የተከለከለ ነው፤ ክልከላውን መንደር ለመንደር የለፈፍኩት ራሴ ነኝ። በዚያ ላይ እኔም ጾሜን ነው የዋልኩት፤ የገንፎው ሽታ በየቀኑ በአንሶላው ቀዳዳ እየገባ በምራቄ ሊያሰምጠኝ ነበር። «አንቺ ብዪ» አልኳት።

«አንተ ካልበላህ አልበላም።»

«እትዬ ዘይነብ» አልኩ፣ «ክልክል ነው እኮ!»

«ለሰው ነው የተከለከለው» አለች እትዬ ዘይነብ፣ ጎላውን እያማሰለች፣ ዞር ሳትል። «አንተ በግ ነህ። ብላ!»

በላሁ። ጦይባ ጉሮሮዬ ሲወርድና ሲወጣ አየች፤ መዋጤን አረጋገጠች። ከዚያ ማንኪያዋን ሞላችና ለራሷ ጎረሰች። እትዬ ዘይነብ ማማሰያውን ጣለች። እማማ ፋጤ፣ «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ እኔም ክርስቲያኑ አብሬ አልኩ፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። «አንዱ ላንተ፣ አንዱ ለኔ» አለች ጦይባ፤ ሕጉ ይህ ሆነ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በመካነ ሰላም ገንፎ እንዲበላ የታዘዘ ብቸኛው አዋቂ እኔ ነበርኩ። እንዲህ ያለ ግዳጅ በዕድሜዬ አልተሰጠኝም።

እንግዶቹ መጡ። ከደሴ አንድ አለቃ፣ ከወዳጁ አገር አንዲት ረጅም ሴት፣ በሁለቱ መሐል ደግሞ የሁለቱንም ቁጣ የሚፈራ አስተርጓሚ። ጓድ ባንተይርጋ ካኪውን አስተኩሶ ንግግሩን ሸምድዷል። ቴሌቪዥኑ ተከፈተ። እኔ ከአንሶላዬ ጀርባ ነኝ። ሴትዮዋ ለልጆቹ በእጇ እያሳየች ጠየቀች፤ አስተርጓሚው፣ «ይህ እንስሳ ምንድን ነው?» አለ።

«የተሸለተ በግ!» አሉ ልጆቹ በአንድ ድምፅ። ቤቱ ነጎደ።

አስተርጓሚው አለቃውን አየ፤ ጓድ ባንተይርጋን አየ፤ ከዚያ ምን ብሎ እንደተረጎመ አላህ ይወቅ፤ ሴትዮዋ ቅንድቧ ወደ ላይ ወጥቶ እዚያው ቀረ። «ምን ብሎ ይጮኻል?» አስጠየቀች።

«ባአአአ!»

አለቃው ወደ ጓድ ባንተይርጋ ዞረ። «ጓድ፣ እዚህ የምታስተምሩት ምንድን ነው?»

ጓድ ባንተይርጋ አፉን ከፈተ፤ የሸመደደው ሁሉ በኖ ጠፋ። በዚያችው ቅጽበት ጄኔሬተሩ ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ሞተ። መስተዋቱ ጠቆረ። በጉ ጠፋ። ልጆቹ ገንፏቸውን በእጃቸው እንደያዙ ደርቀው ቀሩ፤ ከጥግ አንዱ ማልቀስ ጀመረ፤ ለቅሶው ተዛመተ። አለቃው ሰዓቱን አየ። እትዬ ዘይነብ ጎላውን በሁለት እጇ ያዘችው፤ አሁኑኑ የሚነጥቋት ይመስል።

ጦይባ ተነሣች። በእንግዶቹ እግር መሐል አልፋ መጥታ አንሶላውን ሳበችው። አንሶላው ከነገመዱ ወረደ፤ እኔ ከነማጉያዬ፣ ከነመላጣዬ፣ በዚያ ሁሉ ሹም ፊት ብቅ አልኩ። ማንኪያውን አፌ ላይ አስጠጋችው።

«በጌ፣ ተራህ ነው።»

አሁን ምን ይደረጋል? ብበላ፣ የሕፃናት ገንፎ የሚበላ የቀበሌ ለፋፊ ከደሴ በመጣ አለቃ ፊት እጅ ከፍንጅ ተይዣለሁ፤ ሁለት ሸሚዝም አይበቃኝ። ባልበላ፣ ጦይባ አትበላም። ልጆቹ ሁሉ ለቅሷቸውን ገታ አድርገው እኔን ያያሉ። ጓድ ባንተይርጋን አየሁት። ጓድ ባንተይርጋ ዓይኑን ጨፈን አደረገልኝ።

«ባአአአአ!» አልኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ጎረስኩ። ዋጥኩ። ጦይባ አረጋገጠችና ጎረሰች። ከዚያ ያ ቤት ሙሉ የማንኪያ ድምፅ ሆነ።

አለቃው ጣቱን ወደኔ ቀስሮ፣ «ይሄ ምንድን ነው፣ ጓድ?» አለ።

ጓድ ባንተይርጋ ካልተጻፈለት ንግግር የማያውቅ ሰው፣ ትንሽ አሰበና፣ «ቴሌቪዥናችን ነው፣ ጓድ» አለ።

ረጅሟ ሴት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አፍንጫዋን ስትጠርግ ቆየች። ከዚያ ለአስተርጓሚው አንድ ነገር አለችው፤ እሱም ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይፈራ ተረጎመው፤ «ገንፎው ይቀጥላል ብለዋል።»

አለቃው ግን ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው አልነበረም። «እንግዲህ እናንተ ቴሌቪዥን ካላችሁ ሌላው ምን ያደርግላችኋል?» ብሎ ቴሌቪዥኑን ከነጄኔሬተሩ መኪናው ላይ አስጭኖ ሄደ። ደሴ ውስጥ የየትኞቹን ሕፃናት አፍ እንዳስከፈተ አልሰማሁም።

ለኛ ጎላውና ካርቶኑ ቀሩልን። እትዬ ዘይነብ በቢላዋ ካርቶኑን ከፊት በኩል በመስኮት ልክ ቆረጠችው፤ እኔን ከላይ አለበሰችኝ። ክረምት እስኪገባ ድረስ የመካነ ሰላም ቴሌቪዥን እኔ ነበርኩ። ጄኔሬተር አልፈልግም፤ አልቋረጥም፤ ጦይባ በየቀኑ በመስኮቴ በኩል ታጎርሰኛለች፤ አንዱ ላንተ፣ አንዱ ለኔ። ክንዷ ክንድ መሰለ። መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ሌሎቹን መማታት ጀመረች፤ እትዬ ዘይነብ፣ «አሁን ዳነች» አለች። ከተማው በበኩሉ «የተሸለተው» የሚል ስም አወጣልኝ፤ እስከ ዛሬም እሱው ነው።

ዝናቡ በጣለ ሰሞን ዘር ታደለና ሰው ወደየቀዬው መመለስ ጀመረ። አንድ ጠዋት ጦይባና እኔ ገንፏችን ላይ ነን፤ የኔን ተራ ጎርሼ፣ አሁን እኔ ማንኪያውን ሞልቼ በመስኮቴ ልሰጣት ነው፤ ውጪ ወደ ወግዲ የሚሄደው የጭነት መኪና ጥሩምባውን ነፋ። እማማ ፋጤ እየሮጡ ገብተው አንጠለጠሏት። «ይቅርታህን፣ አያ! ካመለጠን እግራችን ነው!» ብለው ወጡ።

እኔም ተከተልኩ። ካርቶኑን ለማውለቅ አልታሰበኝም። ቴሌቪዥን ለብሼ፣ ገንፎ የሞላ ማንኪያ ይዤ፣ በመካነ ሰላም ጭቃ ላይ ከጭነት መኪና ኋላ ሮጥኩ። ከተማው ቆሞ አየኝ። ጦይባ ከጆንያዎቹ መሐል አንገቷን አውጥታ በቁጣ ትጮኻለች፤

«በጌ! የኔ ተራ ነው እኮ! የኔ ተራ ነው!»

«ስትመለሺ!» አልኳት። ሌላ ምን ልበል? መኪናው ቁልቁል ዞረ። እኔ ወደቅኩ፤ ካርቶኑ ጭቃው ላይ ቀረ። ማንኪያው ግን አልፈሰሰም።

እስከ ዛሬ ወግዲ ገበያ በሄድኩ ቁጥር «ጦይባ» ሲባል ከሰማሁ እዞራለሁ። አንዴማ ዓይኗ የጦይባን ዓይን የመሰለኝ አንዲት የጨው ነጋዴ ነበረች፤ ቀስ ብዬ ጠጋ አልኩና ጆሮዋ ሥር «ባአ» አልኳት። ባሏ በዱላ ሊለኝ ሲል ሽማግሌ መሆኔ ነው ያዳነኝ። እሷ አይደለችም።

ምራቴ ከጓዳ ተመልሳ ቴሌቪዥኑን በለስላሳ ጨርቋ እየጠረገች ነው፤ ሐኪሙ ለነገ ተቀጥሯል። እሄዳለሁ። ምን ያመምዎታል ሲለኝ ግን የምለው አለኝ፤ ጤነኛ ነኝ ዶክተር፣ አንድ ማንኪያ ገንፎ ብቻ አለብኝ፤ ከወግዲ ወዲያ ላለች ሴት። ተራው የእሷ ነው።